የጫኔ ልጓም

ጠመንጃ ባልበዛበት፣ ጦርነት በፈረስ ጉልበት በሚለይበት ዘመን ጫኔ የሚባል ፈረሰኛ ነበር። ጦሩ ወንዝ ሊሻገር በተሰለፈበት ጠዋት የፈረሱ ልጓም ብረቱ ተሰበረ። ታናሽ ወንድሙ ከእግረኛው ጋር ቀድሞ ተሻግሯል፤ ፈረሰኛ እስከ ቀትር ካልደረሰለት የጠላት ፈረስ ይረግጠዋል። ጫኔ የፈለገው አንድ ልጓም ብቻ ነው። ፈረሱን እየሳበ ወደ መንደር ወጣ።

እንግዳ የሚባለው ቀጥቃጭ በጫኔ እጅ ያለውን ጦር ሰረቅ አድርጎ አየና ከሰል አልቋል አለው። ከሰል ካልተገኘ ብረት አይግልም፤ ብረት ካልጋለ ልጓም የለም፤ ልጓም ከሌለ ፈረስ አይዘምትም።

ከሰል አክሳይዋ አንጓች በሯን ገርበብ አድርጋ ሰማችው። ወታደር ሳይከፍል ወስዶባት ያውቃል፤ መጀመሪያ ገብስ ያምጣ አለች። ገብስ ካልተሰፈረ ከሰል አይገኝም፤ ከሰል ካልተገኘ ብረት አይግልም፤ ብረት ካልጋለ ልጓም የለም፤ ልጓም ከሌለ ፈረስ አይዘምትም።

ባለ ገብሷ አሮጊት እማማ ብርቄ ነበሩ። ጫኔ በገብሱ ፋንታ በርኖሱን አውልቆ ሰጣቸው። እሳቸው ግን ከጎተራው ደጃፍ አልተነሱም።

«አምናም እንዳንተ አንድ ፈረሰኛ ጎተራዬን አይቶ ሄደ፤ በማግስቱ ሃያ ሆነው መጥተው ጠረጉት። ፈረስህን መያዣ አድርግ። ብቻህን ከተመለስክ ትወስደዋለህ።»

ጫኔ ልቡ ፈራ። ለጠላት ቢሰጡብኝስ አለ በሆዱ። ግን መያዣ ካልተሰጠ ጎተራ አይከፈትም፤ ጎተራ ካልተከፈተ ገብስ አይሰፈርም፤ ገብስ ካልተሰፈረ ከሰል አይገኝም፤ ከሰል ካልተገኘ ብረት አይግልም፤ ብረት ካልጋለ ልጓም የለም፤ ልጓም ከሌለ ፈረስ አይዘምትም።

ፈረሱን ከጎተራው ደጃፍ ካለው ግንድ ጋር አሰረው። መያዣ ተሰጠ፣ ጎተራ ተከፈተ፤ ገብስ ተሰፈረ፣ ከሰል ተገኘ፤ ብረት ጋለ፣ ልጓም ተሠራ። ጫኔ ልጓሙን ይዞ እየሮጠ ተመለሰ።

ግንዱ ላይ ፈረስ የለም። መሬቱን ብዙ ኮቴ ረግጦታል።

«እማማ!» አለ ጦሩን ጨብጦ።

«ብቻህን ነህ?» አሉ ከውስጥ።

«ብቻዬን ነኝ።»

በሩ ተከፈተ። እማማ ብርቄ ፈረሱን ከጓዳ እየሳቡ ወጡ።

«ጠላቶችህ፣ የወዲያ ማዶዎቹ፣ መጥተው ፈረስ አለሽ ወይ አሉኝ። የለም አልኳቸው።»

ጫኔ ጦሩን ግንዱ ላይ አስደግፎ እጃቸውን ሳመ። ልጓሙን ለፈረሱ አጎረሰው፣ ጦሩን አነሳ፤ ፈረስ ዘመተ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወንዙን ሲሻገር፣ ወንድሙ ገና ጋሻውን እንደያዘ ቆሞ ነበር።