እንሶስላ የሞቀው በረኛ

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ትርሲት፣ ፊትሽን አታጥቁሪ፤ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጭ የደም ሴል ላይ አፍጥጬ ምን አገኘሁ?» ብለሽኛል፤ መልሱ ይኸው ነው።

ባለጠጋው ዓይነ ስውር በረኛ ነበረው። በረኛው የመጣውን ሁሉ እንደ ወጋችን እጁን ጨብጦ ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ አንዱን ያስገባል፣ ሌላውን ይመልሳል። እንዴት እንደሚለይ ቢጠይቁት «እጄ ያውቃል» ይላል።

ባለጠጋው ልጁን በዳረ ዕለት በረኛው ካባ የደረበ ሰው መልሶ ቡትቶ የለበሰ አስገባ። ባለጠጋው ከዳሱ ሆኖ ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ድግሱ ሲያልቅ ከነልጆችህ ከቤቴ ትወጣለህ አለው። አምስት ልጆች ነበሩት፤ ሌላ መጠጊያ አልነበራቸውም።

የባለጠጋው እህት ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ከሙሽራዋ የተረፈውን እንሶስላ የበረኛውን ቀኝ እጅ አስሞቀችው። ወንድ እንሶስላ ሲሞቅ ታይቶ ያውቃል? አገር ሳቀበት። እሷ ግን በማግስቱ ቅልቅሉ ላይ ወንድሟን ጎትታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችውና ፊትም ልብስም ሳታይ ያንን ቀይ እጅ ብቻ ተመልከት አለችው።

አየ። በረኛው ሁሉንም እኩል ይጨብጣል። ዘመድ የሆነ ሰው መልሶ እየጠየቀ እጁ ይቆያል፤ ያን ጊዜ በሩ ይከፈታል። ያ ባለካባ ተመልሶ መጣ፤ ሁለተኛው «እንዴት ነህ» ሳያልቅ እጁን ነጠቀ። ባለጠጋው ራሱ ተነሥቶ የማን ወገን እንደሆነ ጠየቀው። ከሙሽራውም ከሙሽራዪቱም ወገን የሚያውቀው ጠፋ።

ባለጠጋው በሰው ፊት በረኛው እግር ላይ ወደቀ። «ሃያ ዓመት አብረኸኝ ስትኖር አንድ ቀን ቀርቤ አላየሁህም፤ ማረኝ» አለው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቤቱ ሰውነታችን ነው፤ በረኛው ያቺ ሴልሽ ናት። እጇ፣ ላይዋ ላይ ሆኖ የመጣውን እየነካ የሚለየው ተቀባይ ነው፤ እንሶስላው አንቺ በጨረር የምታበሪው ቀለም። እርግጥ ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል፤ እዚያ የሚቆየው የወዳጅ እጅ ነው፣ እዚህ ግን የጠላት። የራሳችን የሆነው ነካ አድርጓት ያልፋል፤ ባዕዱ ጥቂት ሰከንድ ሲቆይባት ግን መልእክቱ ወደ ውስጧ ይገባል፣ ሠራዊት ትጠራለች። ይህን ከሩቅ ማን ያየዋል? እኔ አስተማሪሽ በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ባየኋት ቁጥር እደነቃለሁ።

ዓይን የላት፣ አፍ የላት፤ በመዳፏ ብቻ አንቺንም እኔንም በሕይወት አቆይታናለች። እሷን ቀርቦ ለማየት ሁለት ዓመት በዛብሽ?