ምድጃ ሊገዛ የወጣው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነበር፤ ክረምቱ ዝናብ አበዛ። ሰኔ መግቢያ ላይ የጀመረው ዝናብ ነሐሴ ሲጋመስም አላባራም። እንጨት ረጠበ፤ ኩበት አልደርቅ አለ።

በእንስሳት መንደር፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ፣ ዳለቻ የሚባል አህያ ከሚስቱ ከዘርፌ ጋር ይኖር ነበር። ዳለቻ ጭነት ይችላል፤ ወሬ አይችልም። ጠዋት ይወጣል፣ እንጨት ተሸክሞ ይመጣል፣ ማድቤቱ በር ላይ ያራግፋል፣ ይሄዳል። ከበሩ አልፎ ገብቶ አያውቅም። በዚያ መንደር ወንድ ማድቤት አይገባም፤ ከገባ ጎረቤት ይስቅበታል።

እርጥብ እንጨት አይነድም፤ ይጨሳል። ዘርፌ ክረምቱን ሙሉ ያን ጭስ ስትውጥ ከረመች። መጀመሪያ ዓይኗ ቀላ። ቀጥሎ ሳል ያዛት። በኋላ ከምንጭ ውኃ ቀድታ ስትመለስ አቀበቱ መሐል እየቆመች መተንፈስ ጀመረች። የመንደሩ ሐኪም እትዬ ፍየል መጣች፤ ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ አዳመጠች፤ ከዚያ ዳለቻን ወደ ውጭ ጠራችው።

«አንተ ዳለቻ፣ ይህች ሴት የሚመጣውንም ክረምት በዚህ ጭስ ውስጥ ከከረመች ትንፋሿ አይመለስም። መድኃኒት አለኝ ብልህ እዋሻለሁ።»

«ምን ይደረግ?»

«ጭሱ ይቅር። መብራት ገብቶላችሁ የለም እንዴ? ምድጃ ግዛ።»

መብራት ዓምና ገብቷል። ከአንድ አምፖል በቀር ግን ምንም አልሠሩበትም። ዳለቻ ሌሊቱን አሰበና ጠዋት የጭነት ገመዱን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ።

«ወዴት ነው?» አለች ዘርፌ ከማድቤቱ በር ላይ።

«ምድጃ ልገዛ።»

«የመብራቱን?»

«አዎ።»

«ልከተልህ እንዴ?»

«አንቺ ዕረፊ። ዕቃ መግዛት የእኔ ነው።»

ዘርፌ አንድ ነገር ልትናገር ስትል ሳሉ ቀደማት። ዳለቻም ሳሉ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

የምድጃው ሱቅ የወይዘሮ ቀበሮ ነበር። ቀበሮዋ የሚያብለጨልጨውን ዕቃ ከፊት፣ የማያብለጨልጨውን ከኋላ በጆንያ ሸፍና ታስቀምጣለች። ዳለቻ ሲደርስ አያ ጅቦ ቀድሞ ገብቶ ምድጃዎቹን አንድ በአንድ ያሸታል።

«ምንም አይሸቱም» አለ ጅቦ ቅር ብሎት።

«አዲስ ስለሆኑ ነው አያ ጅቦ። ይኸኛውን እየው። አራት ድስት በአንዴ ያስጥዳል። ከሥሩ ደግሞ በር አለው፤ አንድ ሙሉ በግ ይገባበታል።»

ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ከነቀንዱ?»

«ከነቀንዱ።»

«በቃ ጫኚልኝ።»

በሩ ላይ ጦጣ ተቀምጣ ነበር። የመንደሩን መብራት የምትዘረጋና የምትጠግን እሷ ናት። «አያ ጅቦ» አለች፣ «እናንተ ቤት የዘረጋሁት ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ሽቦ ነው። ይህን ምድጃ አይችልም። መጥቼ ልቀይርልህ።»

«ብርሃን የገባበት እሳትም ይገባል» አለ ጅቦ። «አንቺ ሥራ ፈልገሽ ነው።»

ጦጣ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ቀበሮዋ ወደ ዳለቻ ዞረች። «ላንተም ከዚሁ ዓይነት አንድ ቀርቶልሃል። እስቲ በሩን እየው፣ መስተዋት ነው።»

ዳለቻ ጎንበስ ብሎ አየ። በመስተዋቱ ውስጥ የገዛ ጆሮው ታየው፤ ያማረ ጆሮ ነው።

«ስንት ድስት አልሽኝ?»

«አራት። ዝቅ ያለም አለኝ፤ ግን አንተን የሚያህል አባወራ ባለ አንድ ድስት ተሸክሞ ቢገባ ሰፈሩ ምን ይላል?»

ዳለቻ ሰፈሩ ምን ይላል የሚባል ነገር አይወድም። ገመዱን ፈትቶ መሬት ላይ ዘረጋ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ነበር። ቀበሮዋ ግን የተዋጣለት ሻጭ ለመምሰል አንድ ቃል ጨመረች።

«የምድጃውን እግር ልክ አድርጌ ላስርልህ። ዘርፌ የምታበስለው ቆማ ነው ተቀምጣ?»

ዳለቻ እንጨቱን በሩ ላይ ያራግፋል እንጂ ስታበስል አይቷት አያውቅም።

«ድስቷስ ሸክላ ነው ብረት?»

«ድስት ነው።»

«ታቹ ክብ ነው ጠፍጣፋ ማለቴ ነው።»

«ድስት ነው አልኩሽ።»

ጅቦ ሳቀ። «ተዪው ባክሽ። እሱ የሚያውቀው የእንጨቱን ክብደት ነው።»

የጅቡ ሳቅ ዳለቻን አናደደው። ከሳቁ ይልቅ ያናደደው ግን ስንት ዓመት የበላበትን ድስት አለማወቁ ነው። ገመዱን ከመሬት ሰበሰበ።

«ጠይቄ እመጣለሁ።»

«ማንን?» አለች ቀበሮዋ።

«እሷን።»

ጅቦ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ሚስቱን አስፈቅዶ ምድጃ የሚገዛ አባወራ ዛሬ ገና አየሁ። ነገ ደግሞ ሣር ልጋጥ ወይ ብሎ ይጠይቃታል።»

«ነገ ብትመጣ አታገኘውም፤ ያልቃል» አለች ቀበሮዋ።

«ይለቅ» አለና ወጣ።

ዳለቻ ቤቱ ሲደርስ ዘርፌ ማድቤት ነበረች። በሩ ላይ ቆመ። ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

ውስጡ አይታይም። ጭሱ ከጣሪያው እስከ ጉልበቱ ወርዷል። ዘርፌ ከጭሱ በታች ለመሆን ጉልቻው ሥር ተኮራምታ ተቀምጣለች። ዳለቻ ጥያቄውን ሊጀምር ሲል ሳል ያዘው፤ እንባው ወረደ፤ ተንገዳግዶ ወጣ። ውጭ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ እሷም ተከትላው ወጣች።

«ምን ነካህ?»

«በዚህ ውስጥ ነው የምትውዪው?»

«ሌላ የት እውላለሁ?»

ዳለቻ መሬት መሬቱን አየ። «ድስትሽ ምን ዓይነት ነው?» አለ።

ዘርፌ የሚቀልድባት መሰላት። ዳለቻ ግን ቀልድ እንደማያውቅ ታውቃለች። ገብታ ድስቷን ይዛ ወጣችና ገልብጣ አሳየችው። «ሸክላ ነው። ታቹ ይኸውልህ፣ ክብ ነው። ጉልቻ ሦስት ቦታ ይዞ ያቆመዋል። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አይቆምም።»

«ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ የምታበስዪው?»

«ተቀምጬ። ገንፎ ሳማስል በሁለት እጄ ነው የምጫነው። ድስቱ ከሸሸ እግሬ ላይ ነው የሚደፋው።»

«ስንት ድስት ትጥጃለሽ በአንዴ?»

«እኔና አንተ ነን። አንድ።»

«አራት አያስፈልግሽም?»

«ሦስቱ ላይ ምን ልጣድ?»

ዳለቻ ይህን ሁሉ ሰማ። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለ።

«ሰፈሩስ?»

«ይሳቅ።»

ዘርፌ ድስቷን አቀፈች። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። እኔ እንዲጣፍጥልኝ አይደለም የምፈልገው። መተንፈስ ነው።»

በማግሥቱ ዳለቻ ድስቱን፣ ማማሰያውንና የገብስ ዱቄቱን ተሸክሞ፣ ዘርፌ አቀበቱ ላይ እየቆመች፣ ሱቁ ደረሱ። ያልቃል የተባለው ባለ አራት ድስት ምድጃ እዚያው ቆሟል።

«ይህ ምንድን ነው የተሸከምከው?» አለች ቀበሮዋ።

«ድስት። ገንፎ ልትሠራበት ነው።»

«እዚህ? ሱቄ ውስጥ?»

«እዚህ።»

ቀበሮዋ ልትከለክል አሰበች። ግን ሁለት ገበያተኞች ቆመው እያዩ ነበር፤ ዕቃዬ አይፈተንም ማለት አላማራትም። ትልቁን ምድጃ አበራች። ዘርፌ ድስቷ ውስጥ ውኃ ጨምራ ላዩ ላይ አኖረችው። ድስቱ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አቀናችው፤ ወደ ሌላው ዘመመ። ውኃውም ከመሐል ጥቂት ሞቅ አለ እንጂ አልፈላም።

«ጥፋቱ የድስቱ ነው» አለች ቀበሮዋ። «ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ድስት አለኝ። አብራችሁ ውሰዱ።»

«ድስት ልንገዛ አልመጣንም» አለች ዘርፌ።

ቀበሮዋ ሁለተኛ ምድጃ አመጣች፤ ላዩ ጎድጎድ ያለ፣ ከቆርቆሮ የተሠራ ቀላል ነው። ድስቱ ቆመ፤ ውኃውም ፈላ። ዘርፌ ዱቄቱን ጨምራ ማማሰያውን በሁለት እጇ ስትጫነው ግን ምድጃው ከነድስቱ ተንሸራቶ ቀበሮዋ እግር ሥር ደረሰ። ቀበሮዋ ዘላ አመለጠች።

«በቀስታ ብታማስዪውስ?» አለች ከጠረጴዛው ላይ ሆና።

«በቀስታ የተማሰለ ገንፎ ጓል ይሆናል።»

ዘርፌ ላቧን ጠርጋ ሱቁን ዙሪያውን አየች። ከኋላ ከጆንያው ሥር አንድ ጥቁር የብረት እግር ታያት። «ያስ?»

«እሱ ለናንተ አይሆንም። መልክ የለውም፤ ፋሽኑም አልፎበታል።»

«ፋሽኑን አንበላውም። አውጪው።»

ዳለቻ ራሱ ጎትቶ አወጣው። ከባድ ነው። ቁመቱ አጭር፣ እግሩ ወፍራም ብረት፣ ላዩ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ሸክላ፤ የሚግለው ሽቦ በሸክላው ውስጥ ተጠምዝዟል። ዘርፌ ድስቷን አኖረች። ድስቱ ቁጭ አለ። ተቀምጣ ማማሰል ጀመረች፤ ተጫነችው፤ ምድጃው ንቅንቅ አላለም። ገንፎው በሰለ። ከገበያተኞቹ አንዷ የሆነችው በግ ገንፎውን ቀምሳ፣ «ጨው አነሰው» አለች። ሌላ እንከን ግን አልተገኘም።

ከሁሉ በላይ ዳለቻ ያየው ሌላ ነው። ዘርፌ ያን ሁሉ ስታማስል አንዴም አልሳለችም።

«ይኸን» አለ።

ቀበሮዋ ትርፉ ትንሽ ስለነበር ፊቷን አጨፈገገች። ዳለቻ ግን ከፍሎ ምድጃውን ጀርባው ላይ ጫነና በሩ ላይ ወደተቀመጠችው ጦጣ ዞረ።

«አንቺ ጦጣ፣ የእኛ ቤት ሽቦ ይህን ይችላል?»

«አይችልም። ግን ወፍራም ሽቦ ብቀጥልበት ይችላል።»

«ነይ እንግዲህ።»

በዚያው ሰሞን አያ ጅቦ ትልቁን ምድጃ ዋሻው ውስጥ አቁሞ አራቱንም በአንድ ላይ ለኮሰ። በበሩም አንድ ሙሉ ጎን ሥጋ ከተተ። ከፊቱ ተቀምጦ ገና ምራቁን ሲያዘጋጅ ሽቦው ጧ አለ፤ ቤቱ ጨለመ፤ ሥጋው ጥሬውን ቀረ። ጅቦ ጥሬውን በላው። ከዚያ ምድጃውን እየጎተተ ወደ ሱቁ መጣ።

«ወይዘሮ ቀበሮ፣ ዕቃሽን ውሰጂ። አያበስልም።»

ቀበሮዋ በግድግዳው ላይ ወደተጻፈው ጠቆመችው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል።»

«እኔ ማንበብ አልችልም።»

«እኔ አነበብኩልህ።»

ጅቦ ጥቂት አሰበ። ለማሰብ ጊዜ ይወስድበታል። «ምድጃው ካልተመለሰ» አለ በመጨረሻ፣ «ባለ ሱቋስ እዚያ በር ውስጥ ትገባለች?»

ቀበሮዋ በጓሮ በር ወጥታ እስከ ጫካው ድረስ ሮጠች። ሱቁም ለብዙ ቀን ተዘግቶ ቆየ።

በዳለቻ ቤት ግን ጦጣ ሽቦውን ቀይራ ሄዳ ነበር። ዘርፌ የመጀመሪያውን ወጥ ስትጥድ ዳለቻ እንደ ልማዱ ውጭ ተቀመጠ። ጆሮው ግን ወደ ማድቤቱ ነበር። ሳል ይጠብቃል፤ ሳል የለም። ጥቂት ቆየ፤ ምንም ድምፅ የለም። ፈራ። ተነሥቶ በሩን ገፍቶ ገባ።

ዘርፌ ከምድጃው አጠገብ እግሯን ዘርግታ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ምነው?» አለች።

«ሳትስዪ ቆየሽ።»

«እና?»

«አንድ ነገር የሆንሽ መሰለኝ።»

ዘርፌ ሳቀች። ስቃም ጨረሰች፤ ሳቋን የሚያቋርጥ ሳል አልመጣም። ዳለቻ ከግድግዳው ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። እትዬ ፍየልም በመስከረም መጥታ ደረቷን አዳመጠችና፣ «እየተመለሰ ነው። አሁን አልሰጋም» ብላ ሄደች።

ፍየሏ በሄደችበት ቀን ዳለቻ ማድቤቱ ውስጥ ቆሞ በጥላሸት የጠቆረውን ግድግዳ ለብዙ ጊዜ አየ። መስኮት ሊከፍትለት ወሰነ። ዶማውን አምጥቶ አነሣ፤ ሊመታ ሲል ግን አወረደውና ወደ ዘርፌ ዞረ።

«በየት በኩል ይሁን?»

«በዚህ» አለች፣ በፀሐይ መውጫ በኩል በማማሰያዋ እየጠቆመች።

ዳለቻ በዚያ በኩል መቆፈር ጀመረ።

ከዚህ የምንማረው ለማድቤት ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ ምክር የሚጠየቀው የሚሸጠውም የሚስቀውም ሳይሆን እሳቱ ዳር የሚውለው መሆኑን ነው።