ገመድ የሸፈነው ሚስማር

«ሐምዳን፣ ይህችን ታንኳ ባሕር ላይ እንዳታወጣት።»

ሐምዳን ሳቀ። «ሸኽ፣ ትናንት ፋቲሓ አንብበው ዱዓእ ያደረጉላት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ወይስ እንዲህ ካማረች ለኔ አትገባም ብለው ነው?»

ሸኽ ዑመይር አልሳቁም። በዚያች አሮጌ የወደብ ከተማ አርባ ዓመት ታንኳ ሠርተዋል። ግንዱን ይፈለፍላሉ፣ ሸራውን ይሰቅላሉ፤ ከዚያም ማዕበል እንዳይገለብጣት በግራና በቀኟ ተንሳፋፊ እንጨት በአግዳሚ ያስሩላታል። ያስራሉ እንጂ አይቸነክሩም። ከኮኮናት ቃጫ የተገመደ ገመድ ከማዕበሉ ጋር ይላወሳል። ሚስማር ግን እሺ አይልም፤ ጨው ይበላዋል፣ አግዳሚውንም ይሰነጥቀዋል። በከተማው የቸነከረ ሠራተኛ ሲገኝ የሚገሥጹት እሳቸው ነበሩ።

ሸኹ ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን ገመድ በቢላዋ ቆረጡት። ከሥሩ የሚስማር ራስ ብቅ አለ።

«ስምንት ናቸው» አሉ። «ጣቶቼ ገመድ መሳብ ካቃታቸው ሁለት ዓመት ሆነ። ለሰው መንገሩን አፈርኩ። ቸነከርኩና ላዩን ጠመጠምኩበት።»

ሐምዳን ሚስማሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ቆይቶ ቀና አለ።

«ሁለት ዓመት? የወንድሜን የሳቢትን ታንኳ የሠሩት እኮ አምና ነው።»

እዚህ ላይ መዋሸት ይችሉ ነበር። ሳቢትን ባሕር በልቶታል፤ ታንኳውም አብራው ሰጥማለች። ምስክር የለም። ከተማው ሸሂድ፣ ሰማዕት ሆነ ብሎ አልቅሶ ጨርሷል።

«የሱም እንደዚሁ ነበረች» አሉ።

ሐምዳን እጁን አነሳ፤ ነጩን ጢማቸውን አየና መልሶ አወረደው።

«ሬሳው ሲጠፋ በሌለበት ሰላተል ጋኢብ ያሰገዱልን እርስዎ ነበሩ» አለ። አሸዋው ላይ ተፋና ሄደ።

ሸኹ ወደ ሳቢት ሚስት ቤት አቀኑ። ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ የመስጊዱ ኢማም መንገድ ላይ ደረሰባቸው።

«ያ ሸኽ፣ ተውባ ያድርጉ፤ አላህ መሓሪ ነው። ሴትዮዋ ገና አሁን ነው እህል መቅመስ የጀመረችው። ቁስሏን ምን ሊያደርጉላት ይነካኩታል? ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ይበሉ።»

«ቀደሩ የአላህ ነው» አሉ ሸኽ ዑመይር። «ሚስማሩ የኔ ነው።»

ይህን ቃል የሰማን ሁሉ ራሳችንን እየነቀነቅን እናደንቃለን። ግን ስንቶቻችን ነን ቸልተኝነታችንን ቀደር ብለን የቀበርን! ጥፋትን ለአላህ ማመን አይከብድም፤ እሱ ቀድሞ ያውቀዋል። የሚከብደው ለማያውቀው ሰው መንገር ነው። የሰው ሐቅ ደግሞ በስግደት ብዛት አይሰረዝም፤ ባለቤቱ ደጅ ድረስ ያስኬዳል። እዚያም ይቅርታ ይጠብቀናል ያለን የለም።

የሳቢት ሚስት በድሪያ መረብ እየጠገነች ነበር። በሩን የከፈተችው መርፌውን እንደያዘች ነው።

«አባባ ሸኽ! ፀሐዩ ላይ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ።»

አልገቡም። ደጅ እንደቆሙ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። እሷም ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«ይቅር ብዬ አውፍ እንድልዎት ነው የመጡት?»

«አይደለም ልጄ። እንድታውቂው ነው።»

«ሳቢት በዚያች ታንኳ በወጣ ቁጥር ይመርቅዎት ነበር» አለች። «የሸኽ ሥራ ናት፣ አትስጊ ይለኝ ነበር። እኔም አልሰጋሁም።»

ሸኹ አንገታቸውን ደፉ። «አውፍ በይኝ» ለማለት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

በድሪያ በሩን ዘጋችው።