ባዶ ውሃ የሚጠጡት አይጦች

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጥ መንከባከብ ነው። አትሳቁ ወገኖቼ፤ ትልቅ ተመራማሪ ነው። ዚንክ የሚባለው ማዕድን ያለበት ውህድ አዘጋጅቶ፣ አይጦችን ከስኳር በሽታ ያድናቸው እንደሆነ ይፈትናል። አንቲኦክሲዳንት ይሉታል፤ የሰውነትን ሕዋሳት ከጉዳት የሚጠብቅ ማለት ነው። ግማሾቹ አይጦች ውህዱን ይጠጣሉ፤ ግማሾቹ ባዶ ውሃ። ከዚያ ሁሉም ስኳር የሚያመጣ መርፌ ይወጋሉ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተረፈ ይታያል።

ሰውየው ለምን በዚህ በሽታ ላይ ሙጭጭ አለ? እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ስኳር ስላለባቸው ነው። ደብረ ሲና ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ይወዳቸዋል፤ ይህን አትጠራጠሩ። ኢንሱሊኑን ሳያጓድል ይልካል። ማስቀመጫ ፍሪጅ ገዝቷል። ጠዋት ማታ የምትወጋቸው ነርስ ቀጥሯል። ታዲያ ምን ጎደላቸው?

አንድ ቀን ነርሷ ደወለች። እማማ መርፌውን እምቢ ብለዋል አለችው።

ሥራውን ጥሎ በንዴት መጣ። ገና ከመቀመጡ ወቀሳ ጀመረ፤ እኔ ለዚህ በሽታ ዕድሜዬን እየጨረስኩ አንቺ መድኃኒቱን ትገፊያለሽ ብሎ። እሳቸው አልተቆጡም። እስቲ ሥራህን ንገረኝ አሉት። ስለ አይጦቹ ነገራቸው።

«ባዶ ውሃ የሚጠጡትንስ ምን ታደርጋቸዋለህ?»

«እነሱንም በየቀኑ በእጄ አነሳቸዋለሁ፣ እዳብሳቸዋለሁ፣ እመዝናቸዋለሁ። እኩል ካልነካኋቸው ሙከራው ይበላሻል። እጅ ያልለመደች አይጥ ትጨነቃለች እማዬ፤ ስትጨነቅ ስኳሯ ይጨምራል።»

ወይዘሮ የሺመቤት እንዲህ አሉት፦

«መድኃኒቱ አልጎደለብኝም ልጄ። ነርሷም ደግ ናት፤ ግን ብዙ ሕመምተኛ አለባት፣ ወግታኝ ትሮጣለች። እኔን ከፋሲካ ወዲህ ከመርፌ በቀር የነካኝ የለም።»

ልጃቸው ተነሥቶ ኢንሱሊኑን ከፍሪጅ አወጣ። ክንዳቸውን ያዘ። ያን ጊዜ ደነገጠ። የእያንዳንዷን አይጥ ክብደት በቃሉ ያውቃል፤ እናቱ እንዲህ መክሳታቸውን ግን ገና አሁን ማወቁ ነው። ወጋቸው። መርፌውን ካስቀመጠ በኋላም ክንዳቸውን አልለቀቀም።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ብር ልከናል። መድኃኒት ልከናል። የስልክ ካርድ ሞልተናል። ከዚያ «ምን ጎደላቸው?» ብለን በሰላም ተኝተናል። መላኩን ታውቁበታላችሁ፤ መሄዱንስ? ጌታችን ለምጻሙን በቃሉ ብቻ ማንጻት ያቅተው ነበር? አያቅተውም። ግን እጁን ዘረጋ፤ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ሰው ነካው።

ደግሞ እዚሁ መካከላችን ብቻችሁን የምትኖሩ አላችሁ። ከሳምንት ሳምንት እጃችሁን የሚይዝ ሰው የምታገኙት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ስንለዋወጥ ብቻ ነው። ለዚያ ብላችሁ እንደምትመጡም አውቃለሁ፤ አትፈሩ፣ እግዚአብሔር አይቀየማችሁም። እኔንም ደስ ይለኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ስንወጣ በር ላይ መጋፋት ልማዳችን ነው። ዛሬ አትቸኩሉ። አጠገባችሁ የተቀመጡትን እናት ክንዳቸውን ያዙ። ምን ያህል እንደከሱ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።