የሐጂ ሙዘይን አባት ያኖሩት አግዳሚ

ከድሮዎቹ ከተሞች በአንዱ፣ ስሙ እዚህ ባያስፈልገንም፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ አናጺ ነበሩ። የትልቁን መስጂድ ጣሪያ የሠሩት አባታቸው ናቸው፤ ሰው እሳቸውንም የሚያከብራቸው በአባታቸው ስም ነበር።

አንድ ክረምት የመስጂዱ ጣሪያ ጎበጠ። ከሥሩ የቆመው የወይራ ምሰሶም ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ታየ። ምሰሶውን ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ማለትም ከሞት በኋላም አጅሩ (ምንዳው) የማይቋረጥ ምጽዋት፣ ይሁንልኝ ብሎ የሰጠው ያሲን የሚባል ገበሬ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። የመስጂዱ ሰጋጅ ጀመዓ "የያሲን እንጨት የማይረባ ኖሯል" ማለት ጀመረ። ወሬው ከያሲን ባለቤት ከወይዘሮ ሰፊያ ጆሮ ደረሰና መስጂድ ድረስ መጡ።

"ሐጂ፣ የባሌ አጅር ተቋረጠ ማለት ነው?"

"ሳላየው ምንም አልልም" አሉ ሐጂ ሙዘይን።

ቢስሚላህ ብለው ምሰሶውን በመዶሻ አንኳኩ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከተቱ፤ ብዙም ሳይዘልቅ ቆመ። እንጨቱ ድሮ ሲደርቅ የተሰነጠቀ እንጂ የተሰበረ አይደለም። ከዚያ መሰላል አስደግፈው፣ ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ግድግዳ ውስጥ እስከገባበት ጫፍ ወጡ። ወስፌያቸውን ሲሰኩት ያለ ምንም ጉልበት ሰመጠ። ጫፉ በጭቃ ታፍኖ ስለተመረገ፣ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ አበስብሶታል። የመረጉት አባታቸው ናቸው።

መሰላሉ ላይ ዘገዩ። ምሰሶውን ቢወቅሱ የሚጠራጠራቸው የለም፤ አግዳሚውንም በዚያው በዝምታ ማደስ ይችላሉ።

"እንግዲህ ምሰሶው ይነሳ?" አሉ ኢማሙ ከታች።

ሐጂ ሙዘይን ወረዱ። "አይነሳም። የያሲን እንጨት ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም እስካሁን ጣሪያውን የያዘልን እሱ ነው። የበሰበሰው አግዳሚው ነው። ጥፋቱ የአባቴ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው።"

ወይዘሮ ሰፊያ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ምሰሶውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ እንባቸው ወረደ።

ጣሪያው በባላ ተደገፈ። የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ በደረቅ ጥድ ተቀጠለ፤ በብረትም ታሰረ። አየር እንዲያገኝም ዙሪያው ክፍት ተተወለት። ጁምዓን ግቢው ላይ በዝናብ ሲሰግድ የከረመው ሕዝብ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከሶላት በኋላ ሐጂ ሙዘይን ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና በረጅሙ ተነፈሱ።

ኢማሙ ጠጋ ብለው "የአባትዎን ጥፋት ሰው ፊት ማንሳት አልከበደዎትም?" አሏቸው።

"ከብዶኛል። ግን አባቴን ቀብራቸው ውስጥ የሚጠቅማቸው የኔ ዱዓ ነው እንጂ፣ በሌላ ሟች ላይ የምጭነው ውሸት አይደለም።"

ወላጅን ማክበር ጥፋቱን መሸፈን ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሐጂ ሙዘይን ግን ለአባታቸው ከዚያ የሚበልጥ ነገር አደረጉላቸው፤ ያጎደሉትን ሞሉላቸው። አላህ ለወላጆቻችን እንዲህ ያሉ ልጆች ያድርገን።