ዳኛው የት ነው የሚቆመው?

አንድ ጊዜ፣ በጋው ጨክኖ ወንዞቹን ሁሉ ባደረቀበት ዓመት፣ በአንድ ቆላ ውስጥ የቀረው ምንጭ አንድ ብቻ ነበር። ምንጩ ከሾላ ዛፍ ሥር ይፈልቃል፤ ዙሪያውን ጥቂት ለምለም ሣር አለው። እዚያ ሣር ላይ አንዲት አህያ፣ ከተወለደ ሳምንት ካልሞላው ውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር።

ይህች አህያ ተጠራጣሪ ነበረች። ውሃ ከመጠጣቷ በፊት ሁለት ጊዜ ታሸታለች። ከመተኛቷ በፊት ሁለት ጊዜ ዞራ ታያለች። አዲስ ቦታ ስትደርስ ደግሞ ከሰላምታ በፊት «መውጫው ወዴት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሌሎቹ እንስሳት ይስቁባታል። እሷ ግን «እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው» ትላቸዋለች። በዚያ አገር ጅብ ሳይበላት አርጅታ የሞተች አህያ የእሷ እናት ብቻ ነበረች።

ከዕለታት አንድ ቀን ጅብ ወደ ምንጩ መጣ።

«ይህ ምንጭ የአያቴ ነው። ለቀሽ ሂጂ!» አላት።

«አያትህ እዚህ ሲጠጣ ማን አየ?» አለች አህያ።

«ያየ ሁሉ ተበልቷል» አለ ጅብ በኩራት።

ክርክሩ አንበሳ ዘንድ ደረሰ። አንበሳ ከምሳ በኋላ መተኛት የሚወድ ንጉሥ ነበርና ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አልሰማቸውም።

«ታገሉ» አለ እያዛጋ። «ያሸነፈ ምንጩን ይያዝ፤ የተሸነፈ ካገሬ ይውጣ። ቀበሮ ዳኛ ይሁን። ቦታውንም ደንቡንም እሱ ያዘጋጅ።»

አህያ ስለ ልጇ አሰበች። ከዚህ ምንጭ ሌላ ውሃ የሚገኘው ሦስት ቀን ተጉዘው ነው። የውርንጭላዋ እግር ደግሞ ገና ይንቀጠቀጣል። የሦስት ቀን መንገድ ቀርቶ እስከ ሾላው ጥላ ሲሄድ እንኳ ሁለት ጊዜ ይወድቃል። ከተሸነፈች ልጇን መንገድ ላይ ታጣዋለች።

ይህን እያሰበች ስትመለስ፣ ቀበሮና ጅብ ከቁጥቋጦ ጀርባ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ሲያንሾካሹኩ አየቻቸው። ሲያዩዋት ዝም አሉ።

«ምን እያወራችሁ ነው?» አለቻቸው።

«ስለ ሙቀቱ ነዋ!» አለ ቀበሮ።

«አዎ፣ ስለ ታፋዋ» አለ ጅብ።

ቀበሮ የጅብን እግር ረገጠው። «ስለ ታፋው ማለቱ ነው። ሙቀቱ ታፋውን አሞታል፣ ምስኪን።»

አህያ አየሩን ሁለት ጊዜ አሸተተችና መንገዷን ቀጠለች።

በማግስቱ ቀበሮ በጠዋት መጣ። የትግል ቦታዎቹን ሊያሳያት ነው።

«እህቴ፣ ኋላ ተበደልኩ እንዳትዪ ሁሉንም በዓይንሽ እዪ» አላት።

መጀመሪያ የወሰዳት በአመድ ወደ ተሰመረ ሰፊ ክብ ነው።

«ይሄ የአባቶቻችን ነው። ታጋዮቹ ክቡ ውስጥ ይገባሉ። ከመስመሩ የወጣ ተሸነፈ።»

«መውጫው ወዴት ነው?»

«በሁሉም በኩል ነዋ! ክፍት ሜዳ አይደል እንዴ?»

«ዳኛውስ የት ነው የሚቆመው?»

«መሀል፣ ከታጋዮቹ ጋር። ሲናከሱ ማን ይገላግላቸዋል ታዲያ?» አለ ቀበሮ። ከዚያ ኮሶ እንደ ጠጣ ፊቱን አጨማደደ። «ግን ይሄ አይሆንም። ነፋስ ሲመጣ አመዱ ይበናል። ማን ወጣ፣ ማን አልወጣም እያልን ስንጨቃጨቅ ይመሻል።»

ቀጥሎ አራት ግንድ ወደ ተተከለበት ቦታ ወሰዳት። ግንዶቹ ላይ የሐረግ ገመድ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ተወጥሯል። አህያ በአንዱ ገመድ ሥር አጎንብሳ ገባች፤ በሌላው በኩል ወጣች።

«እዚህስ ዳኛው የት ነው?»

«እዚህም መሀል ነው። ግን እኔ ላንቺ ፈራሁ። ሐረጉ ኮቴሽን ጠልፎ ቢጥልሽስ? ለእህቴ እንዲህ ያለ ነገር አልመኝም።»

«ለእኔ ስታስብ ይህ የመጀመሪያህ ነው» አለች አህያ።

ቀበሮ እንዳልሰማ ሆነ። ሦስተኛው ቦታ ጋ ሲደርሱ ደረቱን ነፋ። ግራርና ቀጋ ተጠላልፎ የታጠረ አጥር ነበር። የከብት በረት ይመስላል፤ ቁመቱ ግን የበረትን እጥፍ ነው። እሾሁ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሳ ወፍ እንኳ አያሳልፍም።

«ትግል ማለት እዚህ ነው!» አለ ቀበሮ። «ነፋስ አይበትነው፤ እግር አይጠልፍ። ሁሉም ነገር እኩል ነው።»

«መውጫው ወዴት ነው?»

«በሩ ያውልሽ። ትግሉ እስኪያልቅ ግን ከውጭ ይታሰራል። ለደኅንነትሽ ነው።»

«ዳኛውስ የት ነው የሚቆመው?»

ቀበሮ ድንገት ጭራውን ማስተካከል አስፈለገው። «ዳኛው... ውጭ ነው። እዚያ ጥግ፣ ድንጋዩ ላይ። ከውጭ ሲታይ የተሻለ ይታያል።»

አህያ አጥሩን ቀስ ብላ ዞረችው። ቀበሮ ያሳያት ጥግ ስትደርስ አዲስ የተቆፈረ አፈር ሸተታት። ቀበሮ ወደ ሌላ ሲያይ በአፍንጫዋ ደረቅ ቅጠል ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ቀበሮ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ ጥጉን ተደግፋ ለቆመች አህያ፣ ቀዳዳው የሚከፈተው ልክ በኋላ እግሯ አጠገብ ነው።

ቅጠሉን ወደ ቦታው መለሰችው። ለማን ትናገራለች? ንጉሡ ተኝቷል፤ ዳኛው ራሱ ቀበሮ ነው።

«ጥሩ አጥር ነው» ብላ ብቻ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እንስሳቱ አንበሳ ፊት ተሰበሰቡ። ዝንጀሮዎቹ ዛፍ ላይ ወጥተው ቦታ ያዙ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና ደንቡን ተናገረ።

«ትግሉ በአጥሩ ውስጥ ይሆናል። አንደኛ፣ ከአጥሩ የወጣ ተሸነፈ። ሁለተኛ፣ በኋላ እግር መራገጥ ክልክል ነው። ይህ ለሁለቱም እኩል ነው። ጅብም ቢሆን መራገጥ አይችልም!»

ጅብ በጣም አዘነ። «እኔም?»

«አንተም።»

«ይሁን እንግዲህ። ለፍትሕ ስል እተዋለሁ።»

ዝንጀሮዎቹ አጨበጨቡለት።

«መናከስስ?» አለች አህያ።

«መናከስ ለሁለቱም ተፈቅዷል። ጥርስ የሌለው ማን አለ?» አለ ቀበሮ። «ሦስተኛ፣ ጉልበታቸው እኩል እንዲሆን ታጋዮቹ ለሦስት ቀን አንድ ዓይነት ምግብ ይብሉ። ምግቡ ሥጋ ይሁን።»

ጅብ ከንፈሩን ላሰ። አህያ ግን አልተቆጣችም። ወደ አንበሳ ዞራ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«ደንቡ መልካም ነው ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። የሦስት ቀኑ ሥጋ ከማን ጓዳ ነው የሚወጣው?»

አንበሳ ተኝቶ የነበረውን አንድ ዓይኑንም ገለጠ።

«ከእኔ ጓዳ አይወጣም!» አለ። «ሣር ይብሉ። ሣር ዋጋ የለውም።»

«ሣር?» አለ ቀበሮ ደንግጦ። «ጌታዬ፣ ጅብ እኮ...»

«ሣር ቢሆንስ!» ብሎ ጅብ አቋረጠው። «ስንቱን ሣር በል ሆዴ ውስጥ ከትቻለሁ። ሣሩም አብሮ ነው የገባው!»

እንዲህ ሆኖ ደንቡ ጸና። ዝንጀሮዎች ጅብን ሊጠብቁ ተመደቡ። በመጀመሪያው ቀን ጅብ ሣሩን አኝኮ ተፋው። በሁለተኛው ቀን ረሃቡ ሲጠናበት ዋጠው። በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር፤ ግን አልጠገበም። የሚጠብቁትን ዝንጀሮዎች አንድ በአንድ ያያቸው ስለ ጀመር ዝንጀሮዎቹ ከፍ ወዳለ ቅርንጫፍ ወጡ። ቀበሮ በበኩሉ ደንቡ ስለ ዳኛ አይናገርም እያለ ሦስቱንም ቀን ቆቅና አይጥ ሲበላ ሰነበተ።

የትግሉ ቀን ደረሰ። ጅብ ቀድሞ ገባ። ቀበሮ ጥጉ ጋ ያለው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። አንድ ትልቅ ዝንጀሮ በሩን ሊያስር ገመድ ይዞ ቆመ። አህያ ግን በሩ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች።

«ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ።»

«የጥያቄ ጊዜ አልፏል!» አለ ቀበሮ።

«ትጠይቅ» አለ አንበሳ።

«አያ ቀበሮ፣ በአመዱ ክብ ዳኛው የት ነው የሚቆመው ያልከኝ?»

«መሀል።»

«በገመዱስ?»

«እሱም መሀል። ምን ለማለት ነው?»

«ታዲያ በአጥሩ ለምን ውጭ ሆነ? ቦታ ሲለወጥ ዳኛ ይሸሻል እንዴ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማለሁ። የአህያ ዳኛም እንደዚያው ነው?»

ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። አንበሳ ግን አልሳቀም።

«እውነቷን ነው። ግባ» አለው ቀበሮን።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ... ውስጡ ጠባብ ነው። እሾሁም...»

«በሩ የሚታሰረው ለደኅንነት ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለች አህያ።

ቀበሮ ጆሮውን ጥሎ ገባ። አህያም ተከትላው ገባችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ከዚያ ጥግ ርቃ ቆመች። በሩ ከውጭ ታሰረ።

ጅብ አህያን አየ። ትልቅ ናት፤ ዓይኗንም ከእሱ ላይ አትነቅልም። ከዚያ ቀበሮን አየ። ቀበሮ ትንሽ ነው፤ ቅርብም ነው።

«ቀበሮ» አለው፣ «ሰሞኑን ወፍረሃል።»

«አያ ጅቦ፣ እሷን ነው! እሷን!»

«አውቃለሁ። አንተ ግን ትቀርባለህ።»

«ስምምነታችንስ?» ብሎ ጮኸ ቀበሮ ወደ ኋላ እየሸሸ። «እኔ በቀዳዳው እግሯን ነክሼ ልይዝልህ፣ አንተ አንዱን ታፋ ልትሰጠኝ አልነበር?»

 አንበሳ ብድግ አለ።

«የምን ቀዳዳ?»

ቀበሮ ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም። ጅብ ዘሎበት ነበርና ቀበሮ ቅጠሉን በትኖ በቀዳዳው ሹልክ ብሎ ወጣ። ጅብም ተከተለው። ነገር ግን ቀዳዳው የተቆፈረው በቀበሮ ልክ ነው። የጅብ ጭንቅላት ወጣ፤ ትከሻውም እንደ ምንም ወጣ። የሦስት ቀን ሣር የተጠቀጠቀበት ሆዱ ግን እንደ ውታፍ ተወተፈ።

«ወጥቷል!» አሉ ግማሾቹ ዝንጀሮዎች።

«አልወጣም! መቀመጫው ውስጥ ነው!» አሉ ሌሎቹ።

አንበሳ አጥሩን በውጭ ዞሮ ከጅብ ፊት ቆመ። ጅብ በሐፍረት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጭንቅላቱ ከወጣ የቀረው ጓዝ ነው» አለ አንበሳ። «ወጥቷል፤ ተሸንፏል። ትግሉ አብቅቷል።»

አህያ ከውስጥ ጠየቀች። «በእርግጥ አብቅቷል ጌታዬ?»

«አብቅቷል አልኩሽ።»

«ደንቡም አብሮት አበቃ?»

«አበቃ።»

አህያ ወደ ጥጉ ሄደች። ጀርባዋን ለጅብ ሰጥታ ተስተካክላ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ተቸግረህ ሳይህ አላስቻለኝም። ላግዝህ» አለችና በሁለቱ የኋላ እግሮቿ አንድ ጊዜ አገዘችው።

ጅብ ከቀዳዳው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተፈናጥሮ ወጣ። ከአጥሩ ብቻ ሳይሆን ካገሩም ወጣ። አንድ ኮረብታ ላይ ሲሮጥ ቀበሮን ቀድሞት እንዳለፈ ያዩ ዝንጀሮዎች ተናግረዋል።

በሩ ሲፈታ አንበሳ አህያን በአድናቆት ተመለከታት።

«ብልህ ነሽ። ከእንግዲህ ዳኛው እኔ ራሴ ነኝ። ነገ ወደ ዋሻዬ ነይና ስለ አዲሱ ደንብ እንመካከር።»

አህያ አመስግና እጅ ነሳችው። ከዚያ በትሕትና ጠየቀች።

«ጌታዬ፣ ዋሻው ስንት መውጫ አለው?»

«አንድ።»

«እንግዲያው እዚሁ ሜዳው ላይ ብንመካከር ይሻለኛል» አለችና ወደ ምንጩ ሄደች። ውርንጭላዋ ሲያያት ተነሣ፣ ወደቀ፣ እንደገና ተነሣ። እሷም ውሃውን ሁለት ጊዜ አሸተተችና «ጠጣ» አለችው።

ከዚህ የምንማረው ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው የሚለን ሲመጣ፣ ደንቡን ያወጣው እሱ ራሱ አጥሩ ውስጥ ገብቶ ይቆም እንደሆነ አስቀድመን መጠየቅ እንዳለብን ነው።