የፊታውራሪ ዘውገ የብረት ሰሌዳ

ስለ ሹም እንዲህ ያለ ወሬ ማውራት ታላቅ ነውር ነውና አስቀድሞ ተንበርክኮ ይቅርታ መለመን ይገባል። ተለምኗል።

በጓሮዋ ውዳቂ ብረት እያቀለጠች፣ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እያፈሰሰች የደጅ ሰሌዳ የምትሠራ አንዲት መበለት ነበረች። አዲሱ የወረዳው ገዥ ፊታውራሪ ዘውገ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው በብረት እንድታወጣላቸው አዘዙ። «ለዘላለም ይኑሩ» የሚለውን ግን ሕዝቡ እንዳይደክም ብለው ራሳቸው ጨመሩበት።

ሰሌዳው በተሰቀለ ዕለት በተሰበሰበው ሰው ፊት ጠሯት።

«አንቺ ቀጥቃጭ! ይህ ብረት ቢሰነጠቅ ምድጃሽን አስፈርሼ ከአገር አባርርሻለሁ። ለዘላለም ለመቆየቱ ምን ዋስ አለሽ?»

ሴትዮዋ ከምድጃዋ ሌላ መተዳደሪያ፣ ዋስ የሚሆናትም ዘመድ አልነበራትም። እንዲህ ባለው ጊዜ ዝም ማለት ይበጃል፤ እሷን ግን ዝም ማለት ማንም አላስተማራትም። እጅ ነሥታ፣

«ጌታዬ፣ ለብረቱስ አይስጉ» አለች። «ይህ ብረት ከእርስዎ በፊት የነበሩት ገዥ ሰሌዳ ነበር፤ ሲሻሩ ወርዶ እኔው ዘንድ መጣ። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም፣ ከዚያም በፊት የነበሩትም ‹ለዘላለም› ብለው ያስፈሰሱት ይህንኑ ብረት ነው። ሦስት ጊዜ ለዘላለም ኖሯል፤ አንድም ቀን አልተሰነጠቀም።»

ሕዝቡ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ፊታውራሪም የጠየቁትን ዋስ ስላገኙ የሚቀጡበት ምክንያት አጡ።

እባካችሁ ይህን ለማንም አታውሩ። በተለይ አሁን ያሉት ገዥ እንዳይሰሙ፤ ሰሌዳቸው ገና አልቀዘቀዘም።